ፒያኖ ተጫዋቹ ዞር ብሎ ያለው

ባለቤቴ ታከር በምትባለው ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቷል። የማሽኑ ጩኸት ጆሮውን እንደጎዳው እኔም ልጃችንም እናውቃለን፤ የማያምነው እሱ ብቻ ነው። ሐኪም ያዘዘለትን የመስሚያ መሣሪያ መሳቢያ ውስጥ ከቶ፣ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ በደንብ እሰማለሁ!» ይላል። ሳወራው ራሱን ይነቀንቃል፤ ይስማ አይስማ ግን አይታወቅም። በገዛ ቤቴ ለብቻዬ ማውራት ከጀመርኩ ቆየሁ። ያናድዳል፤ ያስከፋልም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልጃችን ኬኔሶ ከተማ ካለው ዩኒቨርሲቲዋ መጥታ ለትምህርቷ የምታየውን አጭር ፊልም በቴሌቪዥኑ ከፈተች። ፊልም ድምፅ ማውጣት በጀመረበት ዘመን የተቀረፀ ነው። አንድ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ብቻውን ተቀምጦ ይጫወታል። ጣቶቹን አያያቸውም፤ ካሜራውን እያየ ይስቃል። ግራ እጁ ግን ላይ ታች ይዘላል።

«ግራ እጁን ስሙት!» አለ ባለቤቴ፣ ጉልበቱን በምቱ እየመታ። አንዴም አልሳተም። እውነት ይሰማው ይሆን? ሰይጣን ጎነተለኝና ሪሞቱን አንስቼ ድምፁን አጠፋሁት። እሱ መምታቱን ቀጠለ።

«ወይ ጉድ! ሰው እንዲህ ይጫወታል?»

«አባዬ፣ እማዬ እኮ ሚዩት አድርጋዋለች!» ልጄ በሳቅ ፍርስ አለች።

አላፈረም። «እግሩን እያየሁ ነዋ!» አለ። እውነትም የሰውየው ጫማ ወለሉን ይመታል። እኔ ያን ሁሉ ስሰማ ልብ አላልኩትም ነበር። ድምፁን መለስኩት።

መጨረሻ ላይ ፒያኖ ተጫዋቹ እጁን አነሳና ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ ለማይታይ ሰው የሆነ ነገር ተናግሮ ሳቀ።

«ምን አለ?» አለ ባለቤቴ። ከንፈሩን ማየት አልቻለም። እኛም አልያዝነውም፤ ፊልሙ አርጅቶ ይንጣጣል። ልጄ ፊልሙን ወደኋላ እየመለሰች ያንን ቦታ ደጋገመችው። ባለቤቴ አላስችል ሲለው ተነስቶ መኝታ ቤት ገባ፤ መሳቢያው ሲከፈት ሰማሁ።

መሣሪያውን ጆሮው ላይ አድርጎ ተመለሰ። አንገቱን አስግጎ አዳመጠ።

«ኤጭ! ሽንኩርት እየጠበሱ ነው እንዴ?»

«እንግዲህ ምን እንዳለ እሱና አምላኩ ይወቁት» አልኩ።

ፊቱን ከቴሌቪዥኑ ወደ እኔ አዞረ። ትክ ብሎ አየኝ።

«ድምፅሽ አርጅቷል እኮ» አለኝ በቀስታ። «መቼ ነው እንዲህ የሆነው?»

ልቆጣ አስቤ ሆዴ ባባ።

«እስቲ ሌላም ተናገሪ» አለኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት ስለፈልፍ የኖርኩት ሴትዮ የምለው ጠፋኝ።