የጄኔሬተሩ ተራ

ነሐሴ 10፣ 2014 ዓ.ም.፣ ንጋት 11 ሰዓት፣ ካምዎክያ

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሐይቅ ዳር አንድ ሌሊት ለማሳለፍ ተነሳን። የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ ሳሮን ከኋላ ወንበር ተኝታለች። አስም አለባት። መድኃኒቱን በጭንብል የሚያተንላት ማሽን እግሯ ስር ነው። እናቷን ሥራ ስላልለቀቃት አደራው የእኔ ነው። ፍልሰታ ስለሆነ ሽሮ፣ ምስር፣ ድስትና የከሰል ምድጃ ጭኛለሁ።

«ጃጃ፣ ሊዝናኑ ነው ወይስ ሊነግዱ?» አለኝ ሹፌራችን ጆሴፍ። በአገራቸው አያት የሚጠራው እንደዚያ ነው።

«ሥጋ በነካው የሆቴል ድስት አልበላም። መንገድህን እይ!»

4 ሰዓት፣ ሙቤንዴ

ሻጮች ዝናብ እየመታቸው የዶሮ ጥብስ በመስኮት ያስገባሉ። ሳሮን የተጠበሰ ሙዝ በአንድ ሺህ ሽልንግ ገዛች። ሰማዩ ጠቁሯል።

8 ሰዓት፣ ፎርት ፖርታል አጠገብ፣ ሐይቅ ዳር

መብራት የለም። ዛፍ ሽቦው ላይ ወድቋል። እኛ እንዳለፍንም ጎርፍ መንገዱን ቆረጠው። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ አይዛክ፣ «ጄኔሬተሩ ማታ 12 ሰዓት ይነሳል፤ ለላይኞቹ ክፍሎች ብቻ። ናፍጣ አልቋል ማለት ይቻላል» አለ። የእኛ ክፍል ከታች ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጾሜ ውዬ እህል ልቀምስ በረንዳው ላይ ከሰሉን አያያዝኩ።

«ጃጃ፣ ኩሽናዬ ጋዝ አለው፤ ይምጡ» አለችኝ ወጥ ቤቷ ግሬስ።

እምቢ አልኩ። ዝናቡ በረንዳውን ሲመታው ምድጃውን ጎትቼ አስገባሁት። ጭሱ ክፍሉን ሞላው። ሳሮን ሳለች፤ ከዚያ ማሳልም አቃታት። ደረቷ ያፏጫል። የሚነፋውን መድኃኒት ብሰጣት አልያዘላትም። ማሽኑን አነሳሁ። ጆሴፍ ተሸክሟት ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሮጥን።

«አስነሳው!» አልኩት አይዛክን።

«ጃጃ፣ ደንቡ...»

«የምን ደንብ? የላይኞቹ እንግዶች ስልክ ሊሞሉ እሷ አየር ልታጣ? ትንፋሽ ያጠረው ይቅደም!»

ሞተሩ ተነሳ። ጭንብሉን አጠለቅኩላት። ሳሮን ጥቂት እንደሳበች፣ ግሬስ ግድግዳውን ይዛ ገባች። ምድጃዬን ከክፍሉ ያወጣችው እሷ ናት፤ ለካ እሷም አስም አለባት። ስሟን ብጠይቃት መመለስ አልቻለችም። ከንፈሯ ጠቁሯል።

«ናፍጣው ለአሥር ደቂቃ ቢበቃ ነው» አለ አይዛክ።

ሁሉም እኔን አዩኝ። ሳሮን ገና ታፏጫለች። ግን «አያቴ» አለችኝ። መናገር ችላለች።

ጭንብሉን አወለቅኩባት። በቢሮው ፔርሙስ የፈላ ውሃ አለቅልቄ፣ የቀረችንን አንዲት የመድኃኒት ብልቃጥ ጨምሬ፣ ለግሬስ አደረግኩላት። ሳሮንን ደረቴ ላይ አስደግፌ ትንፋሿን ቆጠርኩ። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። ሳበች ስል ትዘገያለች፤ ቀረች ስል ትስባለች።

ሞተሩ ተንተፋተፈና ጠፋ። ዝናቡ ብቻ ቀረ። ቆይቶ ግሬስ፣ «ጃጃ፣ ልጅቷስ?» አለች። ሳሮን አንገቴ ስር እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ነሐሴ 11፣ ጠዋት

መንገዱ እስኪጠረግ ግሬስ ጋዙን ለኮሰችልኝ። ሽሮዬን በእሷ ድስት ሠራሁ።

ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ካምዎክያ

ልጄ፣ የሳሮን እናት፣ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ጆሴፍ መንገድ ላይ፣ «ለምን ታመመች ካለች፣ መብራት ጠፍቶ ነው ይበሏት» ብሎኝ ነበር። ሳሮን ሮጣ አቀፈቻት። እኔ ከመኪናው ሳልወርድ፣ «ልጄ፣ ጭሱ የእኔ ነበር» አልኳት።