ለሼኹ ፈረሶች ያበቀልነው ሣር

ርጥብ ሣር ሲሸተኝ ዛሬም መንገድ እቀይራለሁ። ልጅ ሆኜ፣ ከኩርሙክ በታች በዚያ በሚያቃጥል ቆላ፣ አባቴ ለአገሩ ገዥ ለሼኹ ፈረሶች ሣር ያበቅል ነበር። ኾር የምንለው ወንዝ በጋውን ሁሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ባንዴ ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። አባቴ የመጀመሪያውን አይነካውም፤ እሾህና ጠጠር ያመጣል ብሎ ያሳልፈዋል። ሁለተኛውን በአፈር ክትር መልሶ መስኩ ላይ ያስተኛዋል። በሳምንቱ አሸዋው አረንጓዴ ይለብስና ያ ሽታ እስከ ቤታችን ይመጣል።

ክትሩ እንዲጠብቅ በእግራችን የምንረግጠው እኔና ታላቅ እህቴ ሀሊማ ነበርን። «አንቺ ድንቢጥ፣ ክብደት የለሽም እኮ! ድንጋይ ተሸክመሽ ርገጪ» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

አንድ ዓመት ዝናቡ ሰነፈ። አባቴ ሁለተኛውን ጎርፍ ከተረው፤ ከመስኩ በታች ያለው የኛ ማሽላ ግን ጠወለገ። እናቴ ቅጠሉን በእጇ እያሸች፣ «ፈረስ ጠግቦ ልጆቼ ሊራቡ ነው» ስትል ሰማሁ። ሰዉ ለቀትር ሶላት ሲቆም የአባቴን ዶማ ይዤ ወጣሁና ክትሩን ሸነቆርኩት። ለማሽላው ጥቂት ውሃ እንዲደርሰው ብዬ ነው፣ ሌላ አላሰብኩም። ቀዳዳው ዓይኔ እያየ በር አከለ። ክትሩ ተናደ፤ ውሃው ማሽላውንም ጠራርጎ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ጎርፍ አልመጣም፣ ሣርም አልበቀለ።

የሼኹ ባልደራስ፣ የፈረሶቹ ሹም፣ መጣ። ከፈረሱ እንኳ አልወረደም።

«ሣሩስ?»

«ጌታዬ፣ ወላሂ ውሃው ነው የናደው» አለ አባቴ።

«ውሃው ልጅ የለውም። አንተ አለህ።»

በጅራፉ ወደ ሀሊማ ጠቆመ። እኔ ከኋላዋ ቀሚሷን ይዤ ቆሜያለሁ። እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ወሰዷት። ወዲያ ማዶ ሱዳን ተሸጠች አሉ፤ ሌላ ወሬ አልሰማንም።

ዛሬ መስኩ ተመልሶ አሸዋ ሆኗል። ሰው መሸጥም ቀርቷል ይላሉ። እኔ ግን ልጄ የዚያን ጊዜዋን ሀሊማን አክላለችና ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ጎተራ ውስጥ እከታታለሁ።

«እማ፣ አህያ እኮ ነው! ሰው ይስቅብናል» ትለኛለች።

ይሳቅ።

እናቴ እስክትሞት ያንን ጎርፍ ስትረግም ኖረች። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ አብሬያት እረግም ነበር።