እናቴ የዘጋችብኝ ስልክ

ባለፈው ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር ኢገን ከተማ ያለውን የእናቴን አፓርታማ ስናጸዳ፣ ቁም ሣጥኑ ሥር የብስክሌት መሪ ላይ የሚታሰር አሮጌ ሰማያዊ ቦርሳዬን አገኘሁ። ዚፑ እምቢ ብሎኝ ስታገለው ከስፌቱ ውስጥ ነጭ አቧራ እጄ ላይ ረገፈ። እጄን ልታጠብ ስል፣ ውኃው ሲነካው ሽታው መጣ። አዲስ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ሽታ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ። ቦርሳው ውስጥ በእኔ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈች ቁራጭ ወረቀት ነበረች፤ ጠርዟ ላይ ያለው ፕላስተር ቢጫ ሆኗል። “እማዬ፣ ከድንጋይ ውስጥ የሚፈልቅ ነው። ከላዩ ቤተ ክርስቲያን አለ” ትላለች።

ስንት ዓመት አልፎም የጻፍኩባትን ቀን አልረሳሁም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። እናቴ፣ ወንድሜና እኔ ሲዋርድ በሚባል ሰፈር አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ እንኖር ነበር። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እናቴ የካንሰር ሕክምናዋን ጨርሳ ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር፤ ነርሷ ጥሬ ሰላጣ እንኳ እንዳትበላ፣ ሰው ከሚበዛበት ቦታ እንድትርቅ፣ ትንሽ በሽታ እንኳ ቢይዛት ሰውነቷ የሚከላከልበት አቅም እንደሌለው ለእኔና ለወንድሜ ደጋግማ ነግራናለች። እኔም ቃል በቃል ይዤው ነበር። ሰላጣ የሚባል ነገር እቤት አላስገባም።

ሰፈራችን ውስጥ የብስክሌት ጥገና የሚያስተምሩ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር እየዋልኩ ፍሬን ማጥበቅና ጎማ መለጠፍ ተምሬ ነበር። በነሐሴ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ የኖራ ድንጋይ አገር ወደሚባለው ገጠር የአራት ቀን ጉዞ ሲያዘጋጁ አልሄድም አልኩ። ያስገደደችኝ እናቴ ናት።

“ክረምቱን ሙሉ የኔን ፊት ስታዪ ከረምሽ። ሂጂና ሌላ ነገር እዪ” አለችኝ። ቀጥላም፣ “በቁምጣ ፎቶ ተነስተሽ ግን እንዳታመጪብኝ።”

ስለ ስልኩ የመከረን ወንድሜ ነው። ያኔን ለማታውቁ ላስረዳ። ኮሌክት የሚባል አደዋወል ነበር፤ ደዋዩ ምንም አይከፍልም፣ የሚከፍለው የሚያነሳው ሰው ነው። መጀመሪያ ማሽኑ በእንግሊዝኛ እንዲህ ዓይነት ጥሪ መጥቶልሃል ይላል፤ ካልፈለግህ ትዘጋዋለህ። ወንድሜም፣ “የደረስሽበት ሁሉ ኮሌክት አድርጊ፤ እማዬ፣ አንቺ አክሰፕት እንዳታደርጊ። ማሽኑ ማውራት ሲጀምር ዝጊው። ሰላም ደርሳለች ማለት ነው” አለ። እንዲህ የማያደርግ አበሻ በከተማው ውስጥ የነበረ አይመስለኝም።

አርብ ዕለት ቫን ጭኖ ወሰደን። በዚያ ዓመት ዝናብ ጠፍቶ ነበር፤ በቆሎው ቅጠሉን ጠቅልሎ ቆሟል፣ ሣሩ ስንረግጠው ይሰባበራል። መንገዱ ነጭ ነው፣ ገደሉ ነጭ ነው፣ ከፊቴ የሚሄዱት ጓደኞቼ ጀርባ ነጭ ነው። ወንዙን ተከትለን ስንነዳ ወንዙ አንድ ቦታ ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ኮረትና የደረቀ ጭቃ ብቻ። እዚህ አገር መሬቱ ከውስጥ ባዶ ነው፣ ውኃው ከሥር ነው የሚሄደው ሲሉኝ ፔዳሉን ቀስ ብዬ መርገጥ ጀመርኩ፤ መሬቱ የሚሰማኝ ይመስል።

ቅዳሜ ቀትር ላይ አንድ ሸለቆ ውስጥ ወረድን። ያ ሁሉ ደረቅ አገር አልፎ፣ ከገደሉ ሥር፣ ከድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ውኃ ይፈስሳል። ጥርስ የሚያሳምም ቅዝቃዜ አለው። ቀና ስል ከገደሉ አናት ላይ አንዲት የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ቆማለች። የማን ሃይማኖት እንደሆነች አላጣራሁም። ወቅቱ ፍልሰታ ነው፣ እናቴ ታማለች፣ ውኃ ከቤተ ክርስቲያን ሥር ከዐለት ይፈልቃል፤ ከዚህ በላይ ምን እንዲነገረኝ እጠብቃለሁ? ተንበርክኬ ጠጣሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ከዚያ የብስክሌቴን ኮዳ ሞልቼ ያቺን ወረቀት ለጠፍኩበት።

ማታውኑ አንዲት ጉልበቷን ያመማትን ሴት ይዞ ቫኑ ወደ ከተማ ሊመለስ ነበር። ሹፌሩ ሰፈራችንን ያውቃል፤ ኮዳውን እናቴ እጅ እንዲሰጥልኝ ለመንኩት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሐኪሞቹ ያልሰጧትን እኔ የላክሁላት መስሎኝ ነበር።

እሁድ ጠዋት እንደ ልማዴ ከሁሉ ኋላ ቀርቼ ዳገት ስወጣ ውኃ አለቀብኝ። አንድ የእርሻ ቤት ጎራ አልኩ። ሽማግሌ ገበሬ ነው፤ ውኃ ቀዳልኝ፣ ኬክ ብዪ ሲለኝ “አይ፣ በቃኝ” አልኩ፤ እሱም እሺ ብሎ ሳህኑን መለሰው። እዚህ አገር አንዴ እምቢ ካልሽ አበቃ፤ ሁለተኛ የሚለምንሽ የለም።

ከግቢው ማዶ ዛፎች ክብ ሠርተው በቅለዋል። ምን እንደሆነ ስጠይቀው ወስዶ አሳየኝ። መሬቱ ሰምጦ የተፈጠረ ጉድጓድ ነው። ታች ውስጡ አሮጌ ፍሪጅ፣ ጎማ፣ የተጠቀለለ ሽቦ፣ ከላይ ደግሞ ዝንብ የወረረው የሞተ ጥጃ ተጋድሞበታል። አባቱም እዚያ ይጥሉ እንደነበር ነገረኝ። ሰዎች መጥተው ቀይ ቀለም እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ቢያፈስሱ፣ በሁለተኛው ቀን ከታች ሸለቆው ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ካለው ምንጭ ቀልቶ ወጣ አለኝ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ከብት እንኳ አያጠጣበትም። ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁም። እናቴን ነው ያሰብኩት። ከሰው እንድትርቅ ስለተባለች እሁድ እሁድ ቅዳሴውን እቤቷ በካሴት ነበር የምትሰማው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ትጀምረዋለች፣ ሁለተኛው ካሴት ሲያልቅ አምስት ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ እስከዚያ ጠብታ ውኃ አይነካትም። ኮዳው ማታ ቢደርሳትም ጸበል በልታ አትጠጣም፤ ካሴቱ ሲያልቅ በባዶ ሆዷ መጀመሪያ የምትጠጣው ያንን ነው። ሰዓቴን አየሁ። አራት ሰዓት ሆኗል።

“ስልክ አለህ?” አልኩት። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን አሳይቶ እንደልብሽ አለኝ።

አሁን እዚህ ላይ ሳስበው ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል። ቀጥታ ብደውል በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። ግን በሰው ስልክ፣ በማላውቀው ሰው ሂሳብ፣ ሎንግ ዲስታንስ፣ በደቂቃ የሚከፈልበት የሩቅ ጥሪ፣ እንዴት ይደወላል? ይሉኝታ ያዘኝ። ኮሌክት አደረግሁ። ጠራ፣ እናቴ አነሳች፣ ማሽኑ ገና አፉን ሲከፍት ዘጋችው። ደገምኩ። ዘጋችው። ገበሬው ችግር አለ ወይ አለኝ። “ምንም የለም፣ አመሰግናለሁ” ብዬ ወጣሁ። እናቴ ልትመረዝ ነው በልቤ እያልኩ፣ ምንም የለም ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የነዳሁትን ያህል በሕይወቴ ነድቼ አላውቅም። ቁልቁለቱን ያለ ፍሬን ወረድኩ፤ ኮረቱ ከጎማዬ ሥር እየተፈናጠረ እግሬን ይገርፈኛል። በመጀመሪያዋ መንደር የተዘጋ የእህል መጋዘን ደጅ ላይ የሕዝብ ስልክ አገኘሁ። ሳንቲም የለኝም፤ ለኮሌክት ሳንቲም ስለማያስፈልግ አልያዝኩም ነበር። ብር የምዘረዝርበት አንድም ሱቅ አልተከፈተም። ቁጥራቸውን በቃሌ የማውቃቸው አበሾች በሙሉ በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ወንድሜ ኤርፖርት ሥራ ላይ ነው። ኮሌክት አደረግሁ። ዘጋችው። በሁለተኛዋ መንደር፣ ማሽኑ ለሚያነሳው ሰው የሚያሰማውን ስምሽን ተናገሪ በሚልበት ክፍተት ውስጥ “ውኃውን አትጠጪ” ብዬ ጮህኩ። እናቴ ግን እዚያ ድረስ መቼ ትጠብቃለች። እንደተመከረችው፣ እየባረከችኝ፣ ዘጋችው።

ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ እያልኩ ነበር የምነዳው። ሰላጣ የከለከልኳት እኔ፣ የጥጃ ሬሳ ያጠጣኋት እኔ።

ሦስተኛዋ መንደር ስደርስ አምስት ሰዓት አልፏል። መንገዱ ላይ ሰው የለም። መኪናው ሁሉ አንዲት ነጭ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ቆሟል፣ በመስኮቱ መዝሙር ይሰማል። ብስክሌቴን ሣሩ ላይ ጥዬ በቁምጣዬ፣ በላቤ፣ ከእግር እስከ ራሴ አቧራ እንደለበስኩ ገባሁ። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አየኝ። የምጽዋቱን ሳህን የምታዞረው አሮጊት መተላለፊያው ላይ ቆማ ነበር። ለእናቴ መደወል አለብኝ፣ ሳንቲም የለኝም አልኳት፤ ብሬን ዘረጋሁላት። ብሩን አላየችውም። ከሳህኑ ላይ ሳንቲም በእፍኟ አፍሳ መዳፌ ላይ አደረገችልኝና ጣቶቼን አጠፈችልኝ።

የሕዝብ ስልኩ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ነበር። ሳንቲሙን ስከት ከጥድፊያዬ ግማሹ መሬት ወደቀ።

“ሄሎ” አለች። ከኋላዋ ካሴቱ ይሰማል።

“እማዬ፣ ውኃውን ጠጣሽው?”

“ቅዳሴው መቼ አለቀና። ምነው ድምፅሽ?”

የስልኩ ገመድ እስከፈቀደልኝ ድረስ ቁጢጥ አልኩ። “አትጠጪው። ቆሻሻ ነው። የሞተ ጥጃ አለበት።”

ቄሱ በካሴቱ ውስጥ ቀጥለዋል።

“አንቺስ ጠጥተሻል?” አለችኝ በመጨረሻ።

“አዎ።”

“ወይኔ ልጄን” አለች። ስለ ራሷ አንድ ቃል አልጠየቀችኝም። ሳለቅስ ስትሰማኝ፣ “እኔ ደግሞ ዛሬ ስንት ቦታ ነው የምትደርሰው እያልኩ ነበር። ደስ እያለኝ እኮ ነው የምዘጋው” አለችኝ።

ሰኞ ስመለስ ኮዳው ጠረጴዛው ላይ ሞልቶ ጠበቀኝ። “አንቺ ያመጣሽውን እኔ አልደፋም” አለች። እያየችኝ ሲንኩ ውስጥ ደፋሁት። ፊቷን ሳየው ተስፋ አድርጋበት እንደነበር ገባኝ። ተስፋውን ያመጣሁትም እኔ፣ የደፋሁትም እኔ ነበርኩ፤ ያ እስከ ዛሬ ያመኛል። ወረቀቷን ግን ቀስ አድርጋ ከኮዳው ላይ ላጠችና ወሰደቻት። ያን ሳምንት ሆዴ አራት ቀን አጣደፈኝ፤ ሕመምተኛዋ እናቴ ውኃ እያፈላች፣ እያቀዘቀዘች፣ እኔን አስታመመችኝ።

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነው ሕጉን ያሻሻለችው። “ካሁን በኋላ አንዴ ከደወልሽ ደርሰሻል፣ እዘጋዋለሁ። ደግመሽ ከደወልሽ ግን አነሳዋለሁ።”

እናቴ ዳነች። ኮሌክት የሚባለው ነገር ከዓለም ሲጠፋ እኛ ግን ልማዱን አልተውነውም። አግብቼ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ወደሚባል ከተማ ከገባሁ በኋላም እሷ ጋ ውዬ ስመለስ፣ ጋራዥ ውስጥ መኪናዬን አጥፍቼ የቤቷን ስልክ እደውላለሁ። ሁለቴ ይጠራል፣ ቃ ብሎ ይዘጋል። ልጆቼ አያታችን ለምንድን ነው የምትዘጋብሽ ብለው በእንግሊዝኛ ይጠይቁኝ ነበር። ደህና ግቢ ማለቷ ነው እላቸዋለሁ።

እናቴ ካረፈች አንድ ወር ሊሆናት ነው። አፓርታማው እስከ ወሩ መጨረሻ የእኛ ነው፤ ስልኩን ገና አላስቋረጥነውም። ቅዳሜ ማታ ሰማያዊውን ቦርሳ አጠገቤ አስቀምጬ ነዳሁ። ጋራዥ ገብቼ ሞተሩን አጠፋሁና እጄ እንደለመደው ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ በባዶው ወጥ ቤት ውስጥ እስከ መጨረሻው ጠራ። ማንም አልዘጋብኝም።

ደግሜ ደወልኩ።