የሽቦው ጋራዥ ቁልፍ

አማቴን ሰፈሩ በሙሉ «ሽቦው» ይላቸዋል፤ ቅጥነታቸውን አይቶ ይሁን ሥራቸውን እስካሁን አልተጣራም። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። ጋራዣቸው ከቤታቸው ጎን የተቀጠለች አንዲት ክፍል ናት፤ ጠረጴዛ፣ የሽቦ ጥቅል፣ የፊውዝ ቆርቆሮ፣ አለቀ። መኪናው ደጅ ይቆማል።

ዓይናቸው ግን ደከመ። መነጽሩ ቅርጹን ቢያሳያቸውም ቀለም ይደባለቅባቸዋል። በቅርቡ የአንድ ደንበኛ ሽቦ አሳስተው ገጠሙና ሰውየው ፍሬን በረገጠ ቁጥር ክላክሱ ይጮህ ጀመር። ደንበኛው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እማማ፣ ማለትም የሚስቴ እናት፣ አልሳቁም።

«ነገ ደግሞ እሳት ያስነሳና ራሱን ያቃጥላል!» አሉ። እማማ አንዴ ከቆረጡ ቆረጡ ነው። ክፍሏን የሚከራይ ፀጉር አስተካካይ አገኙ፤ ቅዳሜ መጥቶ ቁልፉን ሊወስድ ተስማሙ።

አባባ፣ ማለትም አማቴ፣ አልተከራከሩም፤ እህል ግን አስጠላቸው። እኔ በሸቅሁ። ያችን ክፍል የተነጠቁ ቀን ምን ሊሆኑ ነው? ፈራሁላቸው።

እንደ እድል ሆኖ የኔ መኪና ፊውዝ እየበላች አስመርራኝ ነበር። ክላክሱና ሬዲዮው አብረው ጸጥ ይላሉ፤ ፊውዝ ስቀይር ይሠራሉ፤ ሰንብቶ እንደገና ድርግም። ሌሎች ጋራዦች ዞሬ ያገኘው የለም። አንድ ወዳጄ «የተቃጠለው ፊውዝ ላይ ብርማውን የሲጋራ ወረቀት ጠቅልልበት» ብሎ መከረኝና ለአባባ ብነግራቸው አፈጠጡብኝ። «ፊውዙ የሚቃጠለው መኪናህ እንዳትቃጠል ብሎ ነው፣ አንተ ጅል!»

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ደጃቸው አቆምኩ። እማማ ወንበር አውጥተው በሩ ላይ ተቀመጡ።

«ማንም ቀለም ሳይነግርህ የዚችን ችግር ካገኘህ፣ ቁልፉ ያንተ ነው» አሉ ለባላቸው። «ካላገኘህ ግን ያለ ጭቅጭቅ ታስረክባለህ።»

«ቃል ነው?»

«ቃሌ ነው።»

አባባ የተቃጠለውን ፊውዝ አወጡና በቦታው አንድ አምፖል አሰሩ። ክላክሱም ሬዲዮውም ጠፍቶ አምፖሉ ቦግ ካለ፣ የሆነ ሽቦ ተልጦ ብረት ነክቷል ማለት ነው። አምፖል መብራቱን ደግሞ ዓይናቸው አይስተውም። መሪውን አዞርኩ፣ በር ከፈትኩ ዘጋሁ፣ እሳቸው በዳሽቦርዱ ሥር ያለውን ሽቦ ሁሉ ነቀነቁ። አምፖሉ ወይ ፍንክች።

«ፀጉር አስተካካዩ ይደርሳል» አሉ እማማ።

አባባ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና ወደኔ ዞሩ። «መቼ መቼ ነው የሚቃጠለው? እስቲ አስታውስ።»

«ክሊኒክ የሄድን ዕለት... ገበያ ስንሄድ... ደግሞ ከአክስት ቤት ስንመለስ።»

«ሁልጊዜ አብሯችሁ የነበረው ማን ነው?»

አሰብኩ። ከዚያ ቀስ ብዬ ወደ በሩ ዞርኩ። አባባም ዞሩ።

«ምን ታፈጣላችሁ?» አሉ እማማ።

«እስቲ ነይ፣ መኪና ውስጥ ግቢ።»

«እኔ ነኝ አሁን ፊውዝ የማቃጥለው? ጉድ እኮ ነው!» እያጉረመረሙ ገቡና እንደ ልማዳቸው፣ የሚያማቸውን ጉልበት ለመዘርጋት፣ የፊቱን ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፉት። ሁልጊዜ እሳቸው ሲወርዱ ለልጆቹ እግር ቦታ እንዲኖር ሚስቴ ወደ ፊት ትመልሰዋለች።

አምፖሉ ቦግ አለ።

«ተገኘች!» ብዬ ጮህኩ። እማማ ራሳቸው ሳቃቸው መጣ፤ ይዘውት ነበር፣ አመለጣቸው። አባባ ወንበሩን ትንሽ አስገፍተው እጃቸውን ከሥሩ ሰደዱ፤ ጣታቸው የተላጠውን ሽቦ አገኘው። የወንበሩ ሐዲድ እየፋቀ ጨርሶታል። በናስትሮ ጠቀለሉትና ከሐዲዱ አርቀው አሰሩት።

አዲስ ፊውዝ መግጠም ብቻ ቀረ። ከቆርቆሮው ሁለት አወጡ፤ በአንድ እጃቸው አረንጓዴ፣ በሌላው ሰማያዊ። የሚያስፈልገው ሰማያዊው ነው፤ አረንጓዴው ለዚያ ሽቦ ከልክ በላይ ኃይል ያሳልፋል። ወደ ፀሐይ ያዙዋቸው፣ አቀረቡ፣ አራቁ። ውሉ ትዝ ብሎኝ ምላሴን ነከስኩ።

እማማ በመስኮቱ ያዩዋቸው ነበር።

«በግራ እጅህ ያለው ነው ሰማያዊው» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አባባ ቀና ብለው አዩዋቸውና በግራ እጃቸው ያለውን ገጠሙ። ክላክሱን ስነካው ሰፈሩን አናወጠው።

ድምፁ ሳይበርድ ፀጉር አስተካካዩ መጣ፣ ቁልፍ ሊቀበል። እማማ ከወንበሩ ሳይነሱ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ።

«ይቅርታ ልጄ፣ ደከምክ» አሉት። «ቤቱ አይከራይም። ሁለት ሰው ይሠራበታል።»