በጋዜጣ ሥር የነበረው ሥዕል

ትናንት ከሻሸመኔ አንድ ነጋዴ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ የጣሊያን ጊዜ የመጽሔት ሥዕል አግኝቻለሁ፤ ቀለሙ ጭራሽ አልደበዘዘም» አለኝ። ድሮ ቢሆን ቁርሴን ትቼ ወደ መናኸሪያ እሮጥ ነበር። አሁን ግን «እስቲ ላስብበት» ብዬ ዘጋሁት፤ ቀኑን ሙሉም ልቤ ሲረበሽ ዋለ። ትዝ ያሉኝ አዴ ዘሃራ ናቸው።

ወጣት ሳለሁ ከናዝሬት እስከ ዝዋይ ከቤት ቤት እየዞርኩ የጦርነት ሥዕል ከግድግዳ ላይ እልጥ ነበር። ያኔ የጭቃ ቤት ግድግዳ የሚያምረው በዱቄት ሙጫ በተለጠፈ ጋዜጣ ነው፤ በዓል በመጣ ቁጥር በአሮጌው ላይ አዲስ ይደረብበታል። ለእኔ ዓይነቱ ሰብሳቢ ሠርግና ምላሽ ነበር።

አዴ ዘሃራ ዝዋይ ሐይቅ ዳር አሣ ጠብሰው የሚሸጡ፣ አርባ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሴት ነበሩ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን አሣቸውን በዳጣ እየበላሁ ሥራዬን ስነግራቸው፣ መጥበሻውን ከእሳት አወረዱ።

«ኮቱ፣ ና ልጄ፣ አባቴን አውጣልኝ» አሉኝ።

አባታቸው የዘመቱት እሳቸው ገና ሳይወለዱ ነው፤ በዚያው ቀሩ። እናታቸው የጣሊያኖች ልብስ ሲያጥቡ ያገኙትን ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ «አባትሽ እዚህ ውስጥ አለ» ይሏቸው ነበር። ሌላ ባል ሲያገቡ ግን ጋዜጣ ደረቡበት፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስተው ሳያውቁ ሞቱ። አሁን ደግሞ ቤቱ ዘሞ ሊፈርስ ነው።

ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ እያራስኩ በጥፍሬ ላጥኩ። የሳሙና ማስታወቂያ፣ የሹማምንት ፎቶ፣ የእህል ዋጋ፣ ሁሉም እየተቀረፈ ወደቀ። አንዴ ብቀደው የሴትዮዋ አባት ጠፉ ማለት ነው። በመጨረሻ ቀይ ቀለም ብቅ አለ። አንድ የጣሊያን መኮንን በፈረስ ላይ፣ ከፊቱም የተንበረከኩ የኛ ሰዎች።

አዴ ዘሃራ ተጠግተው ብዙ አዩ።

«የትኛው ነው?» አሉኝ።

የተንበረከኩት ሁሉ አንድ ፊት ነበራቸው። ሠዓሊው አገራችንን ረግጦ የሚያውቅ አልመሰለኝም።

«እናትዎ በጣታቸው አሳይተውዎት አያውቁም?»

«ልጅ ነበርኩ። ፊቱን ብቻ ነው የማስታውሰው። እሱ ደግሞ ይኸው፣ ሁሉም ላይ አለ።»

በሻሻቸው ጫፍ ከእያንዳንዱ ፊት ላይ ውሃውን ቀስ ብለው አበሱ። ሥዕሉን ይስጡኝ ለማለት አልደፈርኩም።

ዛሬ እንዲህ ያሉ ሥዕሎች ሣጥን ሙሉ አሉኝ። እንግዶቼ ፈረሱንና ቀለሙን ያደንቃሉ። እኔ ግን ዓይኔ ሌላ ቦታ ይሄድብኛል፤ የጣሊያኖቹ ፂም እንኳ የየራሱ ነው፣ የኛዎቹ ሁሉ አንድ ሰው ናቸው። ይህ ያንገበግበኛል። ብዙዎቹ ዘማቾች ፎቶ የላቸውም፤ አባቱን ማየት የፈለገ ልጅ የሚያገኘው ጠላት የሣለውን ነው፣ ያውም ተንበርክኮ።