የቬርና የድጋፍ ደብዳቤ

መምህር ፕሩዊት ተማሪው የሆነችውን ቬርና ታኬትን በደንብ አያውቃትም። የሚያውቀው በኬንታኪ ተራሮች የተማሪዎች አውቶቡስ እንደምትነዳ፣ በዕድሜ እናቱ እንደምትሆንና ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ እንደምትቀመጥ ብቻ ነው። ኮሌጁ ለጎበዝ ተማሪዎቹ ወደከፈተው የክብር ፕሮግራም የሚጠራትን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ «ሰው ተሳስታችኋል» ብላ መልሳለች። ዛሬ ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፍላት ቢሮው አስቀመጣት።

«ስለ እርስዎ ምን ልበላቸው?»

«አታረፍድም በላቸው።»

«ወይዘሮ ቬርና፣ ሹፌር እየቀጠሩ እኮ አይደለም!»

«ታዲያ እነዚያ ልጆች መሃል ገብቼ መሳቂያ ልሁን?»

«ፈተና ሲደርስ የእርስዎን ደብተር የሚሻሙት እነሱ አይደሉም እንዴ?»

ሳቋ አመለጣት፤ በመዳፏ ሸፈነችው። ከዚያ ከቦርሳዋ ማመልከቻውን አወጣች። ከሞላችው ሰንብታለች፤ ፊርማዋ ብቻ ነበር የቀረው። ብዕሩን ሰጣት፤ ቀስ ብላ ፈረመች።

መምህሩ ደስ ብሎት መጻፍ ጀመረ። ሁለተኛው መስመር ላይ ማመልከቻዋን አየት አድርጎ ቀና አለና፣ «በአሥራ ሰባት ዓመትዎ ትምህርት ያቋረጡት ለምን ነበር?» ሲል ጠየቃት።

ቬርና መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ወለወለችው።

«እሱን አልነግርህም፣ ልጄ» አለችው በለሆሳስ። «ያለ እሱ ጻፈው።»