ባሌን ያስፈታሁበት ችሎት

ባሌ የታሰረው ቡናው ቀልቶ ቅርንጫፉ ጎንበስ ባለበት ሰሞን ነው። ከአዲስ አበባ ትልቅ ሹም ይመጣሉ ተብሎ የአውራጃው ገዢ ሰዉን ሁሉ ለመንገድ ጥገና አስወጡት። ባሌ "ቡናዬን ለቅሜ ልምጣ" አለ፤ ሌላ ክፉ ቃል አልወጣውም። በዚያው አንጠልጥለው ዲላ እስር ቤት ከተቱት። ክስ የለ፣ ፍርድ የለ። ስንቅ ባመላለስኩ ቁጥር ሰውነቱ እያለቀ፣ ሳሉ እየባሰ ሄደ። እዚያው ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁ።

የሰፈራችን ሽማግሌዎች "ሄደሽ ማሩልኝ በይ" አሉኝ። የጌዴኦ ሰው ጠብን የሚጨርሰው በሽምግልና ነው፤ ከገዢ ጋር ግን ማን ያስታርቃል? እኔ ቂሏ አንድ ገንቦ ማር ተሸክሜ ገዢው ደጅ ሄድኩ። ማሩ ገባ፣ እኔ ውጭ ቀረሁ! ዘበኛው "ነገ ነይ" አለኝ፤ ነገም ሲሆን ያው "ነገ ነይ" ነው። ንድድ ነው ያልኩት።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ አዛውንት ነበሩ። ነገሬን ሲሰሙ "የታሰረ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቅረብ ይላል ሕገ መንግሥቱ። የገዢውን ደጅ ምን ያስጠናሻል? ለዳኛው አመልክቺ" አሉኝ።

"አባቴ፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰሙም?"

"ገዢው ደግሞ መቼ ነገሡ?" ብለው ሳቁና ጻፉልኝ።

የችሎቱ ቀን ባሌን አቀረቡት፤ ገዢውም መልእክተኛ ልከዋል። ዳኛው ከሸዋ የመጡ፣ ፈገግታ የማያውቁ ሰው ናቸው። ከገዢው ጋር በአንድ ማዕድ እንደሚበሉ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

"በምን ተከሶ ነው?" አሉ ዳኛው።

"በገዢው ትእዛዝ ነው፣ ጌታዬ" አለ መልእክተኛው።

"እሱማ ማን እንዳሰረው ነው። እኔ የጠየቅኩት ክሱን ነው።"

መልእክተኛው ደረቱን ነፋ። "ገዢውን የሾሙት ግርማዊ ጃንሆይ ናቸው።"

አለቀልን፣ አልኩ በሆዴ። ዳኛው ግን ሕገ መንግሥቱን ገልጠው ያንን አንቀጽ ጮክ ብለው አነበቡና፣ "ይህንንስ የሰጡን ማን ናቸው? ጃንሆይ የሰጡትን ሕግ ገዢው በትእዛዝ ይሽራሉ?" አሉ።

መልእክተኛው የነፋውን ደረቱን ሰበሰበ። አሁን ደግሞ ይናገራ!

"ያለ ክስ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የተያዘ ሰው ነው። ይለቀቅ።"

እሰይ! እልል ልል አፌን ስከፍት ፖሊሱ አፈጠጠብኝ፤ እንዲያም ሆኖ ግማሹ አመለጠኝ። ባሌ የዳኛውን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። እሳቸው እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "ተነሥ፣ ሂድ። ቀጣዩ ባለጉዳይ ይቅረብ" አሉ።

ውጭ ስንወጣ የቀረውን ግማሽ እልልታ ለቀቅኩት። ባሌ ግን ግራ ገብቶታል።

"ዳኛው ጉልበታቸውን እንኳ አላስሳሙኝም። ታዲያ ማን ነው የማረኝ?"

"ማንም አልማረህም! መቼ አጠፋህና?" አልኩት።

"አላጠፋሁም?"

"አላጠፋህም።"

እስር ቤት ሳለ አንዲት ዘለላ እንባ ያልጣለው ሰውዬ መንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ገበያተኛው "ምን አገኛቸው?" እያለ ሲያልፍ፣ እኔ እየሳቅኩ እንባውን በነጠላዬ እጠርግለት ነበር።